ማህሌት አፏን የፈታችበት ክረምት

ባለፈው የፍልሰታ ሰሞን ልጄ አዲስ ጋቢ ገዝቶ አመጣልኝ። ገና ውኃ አልነካውም። ትከሻዬ ላይ ጣል ሳደርገው ያ ያልታጠበ ጥጥ ሽታ አፍንጫዬን ሞላው።

"አልወደድሽውም እንዴ?" አለኝ ፊቴን አይቶ።

"ወድጄዋለሁ፤ ተባረክ" አልኩት። ያን ቀን ያልነገርኩትን አሁን እጽፈዋለሁ።

ቤታችን ኮልፌ ነበር፤ ከገበያው ወረድ ብሎ፣ ጭቃ ግድግዳ፣ ቆርቆሮ ክዳን። አባቴ በወጣትነቱ ከጋሞ ደጋ የመጣ ሸማኔ ነው። እናቴ የሸዋ ሰው ናት። አንድ ክፍልና አንድ ጓዳ ነበረን። ክፍሉ ውስጥ፣ ከበሩ ብርሃን በሚገባበት በኩል፣ የአባቴ የሽመና ጉድጓድ ነበር። እግሮቹን ወደ ጉድጓዱ ሰድዶ፣ መርገጫውን እየተጫነ፣ መወርወሪያውን ከዳር እዳር ይልከዋል፤ ከዚያ ክሩን በእንጨቱ ይመታዋል። ጧ። በመታው ቁጥር ግድግዳው በትንሹ ይንቀጠቀጣል። ከትምህርት ቤት ስመለስ ቤታችንን ከማየቴ በፊት እሰማው ነበር።

የእኔ ሥራ ቀሰም ማጠንጠን ነበር። ቀሰም መወርወሪያው ሆድ ውስጥ የሚገባ አጭር የሸምበቆ ቁራጭ ነው፤ ክሩን እሱ ላይ እጠመጥማለሁ። ሌላው ሥራዬ ትንሿን እህቴን ማህሌትን መጠበቅ ነበር። እኔ ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ፤ እሷ ጡት ከጣለች ገና ብዙ አልቆየችም።

ክረምቱ ሊገባ ሲል የእናቴ ታናሽ እህት መጣች። ተማሪ ነበረች። ዘመኑ የደርግ ዘመን፣ ወጣት ከየቤቱ በአሰሳ የሚለቀምበት ጊዜ ነው። ጓደኞቿ ተይዘዋል። እሷ በአጥር ዘላ አመለጠች። አባቴ ምንም አልጠየቃትም። ጓዳው ውስጥ፣ ከኋለኛው ግድግዳ ፊት ለፊት፣ ሁለተኛ ግድግዳ ማገረና በጭቃ መረገው። በሁለቱ ግድግዳዎች መሀል አንድ ሰው በጎኑ የሚተኛበት ክፍተት ቀረ። በታች በኩል የተወውን ቀዳዳ በጥጥ ጆንያ ደፈነው። አክስቴ እዚያ ገባች።

እናቴ እኔን ጠርታ አገጬን ያዘች።

"ከዛሬ ጀምሮ ስሟን አታነሺም። ስሟን ካላነሳነው የለችም። ገባሽ?"

ገባኝ። ከሚገባኝ በላይ ነው የገባኝ። ስሙ ያልተነሳ ነገር በእውነት እንደሚጠፋ አመንኩ። ስለዚህ ሞከርኩት። የጎረቤታችንን ውሻ እፈራ ነበርና ስሙን መጥራት ተውኩ። ውሻው አልጠፋም፤ ጭራሽ ነከሰኝ። ዝናብ የሚለውንም ቃል ለጥቂት ቀናት አላወጣሁትም፤ ሰማዩ ግን እየተቀደደ ወረደ። ያኔ የአክስቴን ነገር አሰብኩ። ዝናብ ሳይጠሩት ከመጣ፣ እሷንም ሳይጠሯት ሊያገኟት ይችላሉ ማለት ነው።

ከጎናችን ያሉት ጎረቤት፣ እትዬ በለጡ፣ ከእኛ የሚለያቸው አንድ ስስ ግድግዳ ነው። እሳቸው ሲያስነጥሱ እኛ "ይማርዎ" እንላለን። ስለዚህ አባቴ ደንብ አወጣ። ቤት ውስጥ የሚነገር ነገር ሁሉ ሽመናው ሲመታ ብቻ ይነገራል። ጧ ጧ ሲል እናቴና አክስቴ በጆንያው በኩል ያወራሉ፤ እኔ ትምህርቴን ጮክ ብዬ አነባለሁ፤ እናቴ ጸሎቷን ታደርሳለች። አባቴ ክር ሊቀጥል ወይም ቀሰም ሊለውጥ ቆም ሲል ሁላችንም አፋችንን እንዘጋለን። ውሎ አድሮ ለተራው ነገርም እንዲያው ሆንን። ሽመናው ዝም ካለ እናቴ በጥቅሻ ነበር የምታዘኝ።

ከዚህ ሌላ ፍርሃት ተወለደብኝ። ቃሉ ሁሉ የሚነገረው አባቴ ሲሠራ ስለሆነ፣ ክሩ ውስጥ እየገባ የሚሸመን መሰለኝ። የዚያን ሰሞን በአባቴ እጅ የነበረው ሥራ ደግሞ የቀበሌው ሊቀመንበር ጋቢ ነው። ሰውየው ጋቢውን ሲለብስ የአክስቴን ሳል ከትከሻው ሥር ይሰማል ብዬ ፈራሁ። ቀሰም ሳጠነጥን በየዙሩ ክሩን ወደ አፌ አስጠግቼ "ማንም የለም፣ ማንም የለም" እለው ነበር።

ማህሌት አትናገርም። እትዬ በለጡ ደጃፋችን ላይ ባዩዋት ቁጥር ይመረምሯታል።

"ይቺ ልጅ አሁንም አፏን አልፈታችም? የእኔዋ በዚህ ዕድሜዋ ሰፈሩን ሰድባ ጨርሳለች!"

"እግዚአብሔር በጊዜው ይፈታዋል፣ እትዬ።"

"በጊዜው ማለት ጥሩ ነው። ጸበል ማስጠመቅም ጥሩ ነው።"

እናቴ ራሷን ትነቀንቃለች። ስትገባ ግን ማህሌትን አቅፋ አፏን ትኩር ብላ ታየው ነበር።

አንድ ከሰዓት በኋላ ቀሰም እያጠነጠንኩ ነው። አባቴ ይሠራል። ማህሌት ከጓዳው በር ሥር ተቀምጣለች።

"ዴዴ" አለች።

ቀና አልኩ። ጧ፣ ጧ። "ዴዴ" አለች እንደገና፤ እጇን ወደ ግድግዳው ዘረጋች። አባቴ ቀሰም ለመለወጥ ቆመ። እሷም አቆመች። ምላሷ ጥርሷ ላይ እንዳለ ቀረ። አባቴ ሲጀምር ካቆመችበት ቀጠለች፤ "ዴዴ፣ ዴዴ።"

ከዚያ ቀን ወዲህ ዝም ብዬ አየኋት። ነገሩን ለማወቅ ብዙ አልፈጀብኝም። ማህሌት ሰው የሚናገረው ሽመናው ሲመታ ነው ብላ ነው ዓለምን የያዘችው። ተሳስታ አይደለም፤ ያየችው ያንን ብቻ ነው። ውኃ ሲጠማት ሽመናው ዝም ካለ አታለቅስም። ሄዳ የአባቴን ሱሪ ትጎትታለች። እሱ ግራ ገብቶት አንድ ሁለቴ ሲመታ፣ "ቧ!" ትለዋለች። ደጅ የምትወጣው አባቴ ሲያርፍ ነው፤ እዚያ ሽመና የለም፤ ስለዚህ ንግግርም የለም።

ዴዴ የምትለው አክስቴን ነው። አክስቴ ሽመናው ሲመታ ከጆንያው ኋላ ወጥታ ታቅፋት ነበር። እኛ ስሟን አላነሳንም። ማህሌት ግን ስም ከእኛ አልጠበቀችም። ዴዴን ከየት እንዳመጣችው እስከ ዛሬ አላውቅም።

ለእናቴ ስነግራት ሌላ እናት እልል የምትልበት ነገር ነበር። እሷ ግን ክንዴን ያዘችኝ።

"ሰው ሰምቷታል?"

"አልሰማትም።"

"ተመስገን" አለች። ከዚያ ተቀመጠች፤ ብዙ ጊዜ አልተነሳችም።

በክረምቱ ውስጥ ማህሌት አደገች። "ዴዴ ቧ" አለች፤ አክስቴ ጠምቷታል ማለቷ ነው። "ዴዴ ተኛ" አለች። ሁለት ቃል አጋጥማ ነገር መሥራት ጀመረች፤ በየቀኑም አዲስ ይጨመራል። እኛ በሰማነው ቁጥር ወደ በሩ እናያለን። ጎረቤት ያለው ሽመና የአባቴ ብቻ አይደለም። አንድ ቀን የሌላ ሸማኔ ደጃፍ ላይ ሆና ጧ ሲል ብትሰማስ?

እናቴ ልታስረሳት ሞከረች። አክስቴ መውጣቷን እንድታቆም አደረገች። ማህሌትን ጓዳው በር ላይ ይዛ፣ ዓይኗን አፍጥጣ፣ "እዚያ ጅብ አለ! ጅብ ይበላሻል!" አለቻት።

ማህሌት ግድግዳውን አየች፤ እናቴን አየች፤ ሳቀች።

"ጅብ የለ" አለች። "ዴዴ።"

በማግስቱ ከዳቦዋ ቆርሳ ጆንያው ሥር አስቀምጣ ተመለሰች። ከጆንያው ኋላ አክስቴ አፏን በነጠላዋ አፍና ስታለቅስ ሰማናት። ሽመናው እየመታ ነበር።

ነሐሴ ውስጥ፣ አንድ ቀን ዝናቡ እንዳባራ፣ አሰሳው የእኛ መንደር ገባ። የሦስት ሰው ጫማ ጭቃ እየረገጠ ሲመጣ ሰማን። አባቴ ሥራውን አቆመ። ከፊት የገባው የቀበሌው ጓድ ታደለ ነው፤ ሁለት ጠመንጃ የያዙ አብዮት ጠባቂዎች ተከትለውታል። ታደለ ከአብዮቱ በፊት ፌርማታው አጠገብ ብርቱካን ይሸጥ ነበር። የሠርጉን ኩታ የሠራለት አባቴ ነው።

"ላብ አደሩ ጓድ! እንዴት ዋልክ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን።"

"እግዜርን ተወውና፣ የሊቀመንበሩ ጋቢ የት ደረሰ?"

"እየደረሰ ነው።"

ሁለቱ ጓዳ ገቡ። ዕቃ ሲገለበጥ ሰማን። አንደኛው የጥጥ ጆንያዎቹን በሳንጃ እየወጋ አለፈ። ጆንያ ሲወጋ ድምፅ የለውም። እኔ ግን እያንዳንዱን ሰማሁት። አባቴ ከግድግዳው ጋር የተገጠመውን ጆንያ ሌሎች ሁለት ደርቦ ስለደፈነው ሳንጃው አልደረሰም። ልጁ ፀጉሩና ቅንድቡ ጥጥ ለብሶ ወጣ።

"በግ መስለሃል" አለው ታደለ። ሳቁ።

ከዚያ ታደለ ማህሌት ፊት ቁጢጥ አለ። ከኪሱ ከረሜላ አውጥቶ ወረቀቱን ላጠላት።

"ነይ ሚሚዬ። እቤታችሁ ማን ማን አለ? አባባ አለ። እማማ አለች። ሌላስ?"

ማህሌት ከረሜላውን ተቀበለች። ዝም ብላ አየችው።

"ሌላስ? ማን ይተኛል እዚህ?"

ዝም።

"ድዳ ናት እንዴ?"

"አፏን አልፈታችም" አለች እናቴ። እናቴ ጾም የማትሽር፣ ሐሰት የማትናገር ሴት ናት። ከተናገረችም በኋላ ከንፈሯ በጸሎት መንቀሳቀሱን አላቆመም።

ታደለ ተነሳ። በሩ ጋ ደርሶ ግን ዞረ።

"ሥራህን ቀጥል እንጂ! ለመስቀል ይፈልገዋል። እስቲ ስትሠራ ልየው፤ በዓይኔ አየሁ ብዬ እነግረዋለሁ።"

አባቴ እናቴን አየ። እናቴ መሬቱን አየች። አልሠራም ማለት አይቻልም። እግሮቹን ቀስ ብሎ ወደ ጉድጓዱ ሰደደ፤ መወርወሪያውን አነሳ፤ ላከው።

ጧ።

የማህሌት ራስ ቀና አለ። ቀሚሷን ከኋላ ያዝኩ። ጧ። ፊቷ በራ።

"ዴዴ!" አለች። ከረሜላውን ወደ ላይ አነሳች። "ዴዴ፣ እንኪ!"

ቀሚሷ ከእጄ አመለጠ፤ ወደ ጓዳው ሮጠች።

"ኧረ ተናገረች!" ታደለ ከልቡ ሳቀ። ደረሰባትና ትከሻዋን ይዞ አዞራት። "ዴዴ ማናት? ዴዴ የታለች ሚሚዬ? ለእኔ አሳዪኝ።"

ማህሌት ጣቷን አነሳች፤ አፏን ከፈተች። "ዴዴ እ..."

የአባቴ እጅ በድሩ ላይ ሲያልፍ አየሁ። የክር መቁረጫው ምላጭ በጣቶቹ መሀል ነበር። ተወጥሮ የነበረው ድር ረገበና እንደ ተፈታ ፀጉር ጉልበቱ ላይ ወደቀ። ሽመናው ዝም አለ።

ማህሌት አፏን ዘጋች። ጣቷም ወረደ።

"የታለች?" አላት ታደለ። "አሁን ስትናገሪ አልነበረም እንዴ?"

እሱን አየችው፤ ወደ አባቴ ዞራ አየች። ምን እየጠበቀች እንደሆነ በዚያ ቤት ከታደለና ከሰዎቹ በቀር ሁላችንም እናውቃለን።

"ድምፅ ነው እንጂ ገና ቃል የላትም" አለች እናቴ። "ለሁሉም ነገር እንዲያ ነው የምትለው።"

ታደለ ወደ አባቴ መጣ። "ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?"

"ድሩ ተበጠሰ፣ ጓድ። እርጥበት ነው። ክረምት ክር ይበላል።"

"ሰውየውን ምን ልበለው?"

"ለመስቀል ይደርሳል።"

"ባይደርስ ቆዳህን ነው የሚለብሰው። ነግሬሃለሁ።"

በዚህ መሀል ማህሌት ወደ ጉድጓዱ ሄደች። እንደ ልማዷ የአባቴን ሱሪ ያዘች፤ ጎተተች። ምታ ማለቷ ነው። ደግማ ጎተተች። ታደለ ቆሞ ያያታል። አባቴ ልጅ የሚያቅፍ ሰው አልነበረም፤ ያን ቀን ግን አነሳትና ደረቱ ላይ ለጠፋት፤ ራሷን በእጁ ሸፈነ።

"አባባ ደክሞታል" አላት።

ታደለ ወጣ። እስከ እትዬ በለጡ ደጃፍ ድረስ "ዴዴ! ዴዴ!" እያለ ከጠባቂዎቹ ጋር ሲሳሳቅ ተሰማ። የእሳቸውንም ቤት ሊፈትሹ ገቡ። ዕቃ ሲገለበጥ በግድግዳው በኩል ሰማን። ከዚያ እትዬ በለጡ፣ "ዴዴ? እኔ እንጃ ልጄ፤ እሷ እኮ እንዲያው ፍጥረቷ ነው" ሲሉ ሰማናቸው። እናቴ ወደ ግድግዳው ዞራ ወደ መሬት እጅ ነሳች። እትዬ በለጡ ያውቁ ይሁን አያውቁ ጠይቄያቸው አላውቅም። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ይማር።

አባቴ የተቆረጠውን ድር አንድ በአንድ ሲቀጥል ብዙ ቀን ፈጀ። በዚያን ጊዜ ሽመናው ስላልመታ ማህሌትም ቃል አልወጣትም። ቤቱ እንደ መቃብር ሆነ። አንድ ምሳ ላይ አባቴ ደንቡን ራሱ ሻረው። በዝምታው መሀል፣ በለሆሳስ ተናገረ።

"ጋቢውን እጨርሰዋለሁ። ልጅቷን ግን ማስቆም አልችልም። ነገ ከዛሬ የበለጠ ታውቃለች።"

"ማወቅማ አንዴ ከገባ አይወጣም" አለች እናቴ።

ጆንያው ተንቀሳቀሰ። አክስቴ ከኋላው፣ "እኔ ልውጣ" አለች። ማንም አትውጪ አላላትም። እናቴ ብቻ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

ቅዳሜ፣ የገበያ ቀን፣ በጠራራ ቀትር ወጣን። አክስቴ የእናቴን ቀሚስ ለበሰች፤ ሻሽ አሰረች፤ ማህሌትን በአንቀልባ አዘለች። የሚፈለገው ተማሪ ነው። ልጅ ያዘለች፣ እግሯ ጭቃ የጠጣ ሴት ማን ያያል? እኔና እናቴ ቅርጫት ይዘን ከኋላ ተከተልን። በጦር ኃይሎች በኩል ስናልፍ ወታደሮች ቆመው ነበር። አንዱ ማህሌትን አይቶ ጠቀሳት። እሷ ጉንጯን ዴዴ ጀርባ ላይ አስደግፋ ጸጥ ብላ አየችው። ሽመና በሌለበት አትናገርም። ያን ቀን እግዚአብሔርን ስለዚያ ዝምታዋ አመሰገንኩት።

አየር ጤና ስንደርስ የአባቴ አገር ሰው የጭነት መኪናውን አስነስቶ ይጠብቀናል። ጥጥ የሚያመላልስ ሰው ነው። አክስቴ አንቀልባውን ፈታች፤ ማህሌትን ለእናቴ ሰጠቻት። ሰው ስለሚያይ አልተሳሳሙም። "ደህና ዋይ" ተባባሉ፤ የገበያ ሰዎች እንደሚባባሉት። አክስቴ መኪናው ላይ ወጣች። መኪናው ተንቀሳቀሰ።

ማህሌት መኪናውን አየች። ዘወር ብላ እናቴን አየች፤ እኔን አየች። ነገር እንደ ጠፋበት ሰው ዙሪያዋን ፈለገች፤ የሚመታ ነገር አልነበረም። መኪናው እየራቀ ነው። ከዚያ በዚያ ሁሉ ሰው መሀል፣ ምንም ሳትጠብቅ፣ እስከ ጉሮሮዋ ድረስ ተከፍታ ጮኸች።

"ዴዴ!"

ሰው ዞረ። በቆሎ የምትጠብስ አንዲት ሴት፣ "ውይ ምስኪን! እናትየዋ ናት እንዴ የሄደችው?" አለች።

"ዴዴ! ዴዴ ነይ!"

እናቴ አፏን ትይዛታለች ብዬ ጠበቅሁ። አልያዘችም። ማህሌትን ወደ ራሷ አዞረቻትና በመንገድ መሀል፣ በደንብ በሚሰማ ድምፅ ተናገረቻት።

"ሄደች። ዴዴ ሄደች።"

ማህሌት የእናቴን አፍ አየች። ይህ አዲስ ነገር ነው፤ ከዚያ በፊት ያለውን ነገር እንጂ የሄደውን ሰይማ አታውቅም።

"ዴ..." አለች። ትንሽ ቆየች። "ዴዴ ሄደች?"

"አዎ የኔ ልጅ።"

አክስቴ በሰላም ከአባቴ ዘመዶች ዘንድ መግባቷን የሰማነው ከመስቀል በኋላ ነው፤ ተመስገን። ያን ቀን ግን የምናውቀው ነገር አልነበረም። ጭቃውን እየረገጥን ወደ ኮልፌ ተመለስን። ማህሌት እናቴ ጀርባ ላይ ሆና ላገኘችው ሁሉ ነገረች፤ ለአህያው፣ ሽንኩርት ለሚሸጡት፣ ቆሞ ለሚያያት ወታደር፦ "ዴዴ ሄደች። ዴዴ ሄደች።" እናቴ እስከ ቤታችን ድረስ አንድም ጊዜ ዝም በይ አላለቻትም።